ለሞገሴ የተለቀሰ ለቅሶ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በርጩማ ያልደረሳችሁ መደቡ ሰፊ ነው፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ወግ ለእግሩ ይሰጠዋል። ዛሬ የማነሳላችሁ ማሬን ነው፤ የግራዝማች ዓባይን ልጅ። መሃል ላይ ከከፋችሁ መከፋታችሁን አትደብቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ያን ጊዜ ግን ይከለከል ነበር። ነገሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጣሊያን ጎጃም በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ተሠርቷል፤ ጫካው ደግሞ በአርበኛ ሞልቷል። ግራዝማች ዓባይ ከሮብ ገበያ በላይ፣ የጮቄ ብርድ ወርዶ በሚያርፍበት ተረተር ላይ ሰፊ ርስት ያላቸው ሰው ነበሩ። «አገሩ ከሚቃጠል እኔ ልጎንበስ» ብለው ለጣሊያን ገቡ። አንድ ወንድ ልጃቸው አወቀ ግን የአባቱን ምንሽር ከግድግዳ አውርዶ ጫካ ገባ። በመስከረም ከምሽጉ አዋጅ መጣ። ግራዝማችም ሮብ ገበያ ላይ ነጋሪት አስመትተው በገዛ አንደበታቸው አሰሙት። «ለሽፍታ ሞት ያለቀሰ፣ ሙሾ ያወረደ፣ ደረቱን የደቃ፣ ቤቱ ይቃጠላል! ከብቱ ይወረሳል!»

ሁለት ወር አልሞላም። በጥቅምት መጨረሻ አወቀ ሞተ።

አያችሁት ልጆቼ? ሰውየው የገዛ ልጃቸው እንዳይለቀስለት አስቀድመው አዋጅ ነግረው ነበር። መርዶው በሹክሹክታ ሲደርሳቸው በእጃቸው የያዙትን ጭራ እንኳን አልጣሉም። «እህ» አሉ፤ በቃ። ማሬ በር ላይ ቆማ ያቺን «እህ» ሰማቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት፤ ጠልታቸው ይሁን አዝናላቸው ለራሷም ሳይገባት።

፨

ማሬ ፊደል ታውቃለች። የእናቷ ወንድም የኔታ ፍቅረ ሥላሴ በደብሩ የቅኔ መምህር ነበሩና ዳዊት አስደግመዋታል። «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው?» ሲሏቸው፣ «ደብዳቤዋን ሌላ ሰው እንዳያነብላት» ይሉ ነበር እየሳቁ።

ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ አካለ ወልድ ነው። ከቁይ ወዲያ የመጣ፣ አባት እናት የሌለው፣ ለምዱ ተልጦ ቆዳው ብቻ የቀረ ልጅ። መጀመሪያ የተያዩት ግራዝማች ደጅ ቁራሽ ሊለምን መጥቶ ውሻው ለምዱን በጥርሱ ይዞ አልለቅም ባለው ጊዜ ነው። አካለ ወልድ ጎንበስ ብሎ ውሻውን፣ «ወንድሜ፣ አንተ ለጌታህ ብለህ ነው። ግን ይህን ብትበላው ሁለታችንም ጦም ነው የምናድረው» አለው። ማሬ ሳቀች። እሱም ቀና አለ። በቃ እንግዲህ፣ ዓይን ከዓይን ከተገናኘ ወዲያ ውሻ ምን ያደርጋል!

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኑ፤ እሱ በደጅ፣ እሷ በደፍ። ግራዝማች ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ቁራሽ ሰጥተንህ እንጀራ ጋጋሪዋን ልትወስድ ነው?» አሉት። ሰው ሳቀ። አካለ ወልድ እጅ ነስቶ ሄደ። ጦርነቱ ሲመጣ ከአወቀ ጋር ጫካ ገባ፤ የአርበኞቹ ደብዳቤ ጻፊ ሆነ። አወቀን በእጁ የቀበረው እሱ ነበር።

አወቀ በሞተ በሳምንቱ ታረቀኝ የሚባል ሸማኔ ለማሬ አንድ ልቃቂት ፈትል ሰጣት። ታረቀኝ ከገበያ ገበያ ሲዞር ማንም አይጠረጥረውም፤ ሸማኔ ፈትል ቢሸከም ምን ይደንቃል? ማሬ ፈትሉን ስትፈታ፣ ስትፈታ፣ ከእምብርቱ በአካለ ወልድ እጅ የተጻፈ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የፍቅር ቃል መስሏት ልቧ ዘለለ። አልነበረም።

«በስምንተኛው ሺህ አንዲት አገር ነበረች» ይላል። «ንጉሧም እንባቆም ይባል ነበር።»

ማሬ ስሙን ደግማ አነበበችው። እንባ፣ ቁም! አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የቅኔ ተማሪ መውደድ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር እየነገረሽ እንኳን ፈገግ ትያለሽ።

፨

ሰኞ ሰኞ ከምሳ በኋላ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እትዬ አሰገደች ቤት ይሰበሰባሉ። እትዬ አሰገደች የአገሩ አልቃሽ ናቸው። ከሦስት ወንድ ልጆቻቸው ሁለቱ ጫካ ሞተው ቀርተዋል። ከአዋጁ ወዲህ ግን «ጉሮሮዬ ዛገ» ብለው ዝም ካሉ ሰንብተዋል። ማሬ በየሳምንቱ ከልቃቂት የምታወጣውን ወረቀት የምታነበው እዚያ ነው።

«በዚያች አገር ሽንኩርት መክተፍ ተከለከለ፤ ርጥብ እንጨት ማንደድም ተከለከለ፤ ዓይን ያስለቅሳልና። ጠዋት ጠዋት የጉንጭ ሹም ቤት ለቤት እየዞረ የሰውን ጉንጭ በጣቱ ይዳስሳል። ርጥብ ያገኘ እንደሆነ፣ ማን ሞተብህ? ይላል።»

«ሚጥሚጣ የበላስ?» አለች ጥሩነሽ። ጥሩነሽ በሃያ ዓመቷ ባሏ ጫካ የሞተባት፣ ለባሏ ጥቁር መልበስ ያልተፈቀደላት ልጅ ናት።

«ምስክር ያስቆጥራሉ» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ምስክሩም ሚጥሚጣ የበላ እንደሆነስ?»

«ያን ጊዜ ሚጥሚጣው ይታሰራል!»

ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ማሬ ወደ ታች ስታነብ ዝም አሉ። በዚያች አገር ሞገሴ የሚባል ሰው ተገደለ። በዚህ ወረዳ ሞገሴ የሚባል ሰው አንድም የለም፤ አካለ ወልድ አስቦበት ነው። ሞገሴን ማታ ቀበሩት፤ ጠዋት ሚስቱ ጉንጯን በአመድ አድርቃ ለሹሙ ሰጠች። እዚህ ላይ የጥሩነሽ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ልጅቱ አለቀሰች። ማንም «ዝም በይ» አላላትም። ለሞገሴ ነዋ!

አንድ ሰኞ ማሬ አዘነችላቸው። «እስከ መቼ አስጨንቃቸዋለሁ?» ብላ የጦጣና የጅብን ተረት አመጣችላቸው። ጥሩነሽ አዛጋች። አንዷ ጥጥ መንደፏን ቀጠለች።

«ማሬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ እትዬ አሰገደች፤ «ያንን የእንባቆምን አምጪው።»

«እሱ እኮ ይከፋል፣ እትዬ። የራሳችን ጨለማ መች አነሰንና?»

«የራሳችንንማ ማን ያነበዋል? መጀመሪያ የለው፣ ጫፍ የለው። ይኼኛው ግን ተጀምሮ ያልቃል። ጠቅልለሽ ልቃቂት ውስጥ ትከቺዋለሽ። እኔ ሁለት ልጆቼን የምከትበት አጥቼ ነው ዓይኔ የደረቀው።»

ማሬ ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች። አንድ ሰው በሩቅ ጫካ ተቀምጦ እነዚህን ሴቶች ሁሉ እንዴት አያቸው?

፨

ነገሩ ግራዝማች ጆሮ ገባ። አንድ ጠዋት አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጠሯት።

«ሴቶቹን ምን እያነበብሽላቸው ነው?»

«ተረት ነው፣ አባባ።»

«ምን ዓይነት ተረት?»

«ስለ ክፉ አገር።»

«ጨለማ ቤት ተቀምጦ ስለ ጨለማ ማንበብ ምን ይሉታል?»

«ዓይን ማለማመድ ይሉታል፣ አባባ። ዓይን ሲለምድ በሩ የት እንዳለ ያያል።»

ግራዝማች ነገሩን አዙረው፣ «ውበቱ ሽማግሌ ልኳል» አሏት። ውበቱ የምሽጉ አስተርጓሚ ነው። «ወድጄ አይምሰልሽ። ባሏ ከምሽግ የሆነች ሴት ቤቷን ማንም አያቃጥልባትም። አንድ ልጅ ነው የቀረኝ። በጥር አጋማሽ እሁድ ቃሉ ይታሰራል። ውበቱ ደግሞ የተማረ ልጅ ነው፣ ሦስት ቋንቋ ያውቃል።»

«ሲያዝን በየትኛው ነው የሚያዝነው?»

«አንቺ ልጅ! ያንን ለማኝ ነው የምትጠብቂው?»

ማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። «አዎን፣ እሱን ነው። እሱ የለመነው ቁራሽ ነው፣ አባባ። የለመነበትም ደጅ የወገኑ ነው። እርስዎ ማንን እየለመኑ እንደሆነ ያውቁታል?»

የግራዝማች እጅ ተነሳ። ተነሥቶም አየር ላይ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ማሬ በጥፊ ቢሏት ይሻላት ነበር። ያቺ የወረደች እጅ ከጥፊው ይልቅ አመመቻት።

፨

ቃሉ ሊታሰር አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ታረቀኝ ገበያ ላይ ልቃቂት ሰጣት። ቀና ብሎ ፊቷን አላየም።

«ቀጭን ፈትል ነው፤ ቀስ ብለሽ ፍቺው።»

«ደህና ናቸው?»

«ጮቄ ሥር ውጊያ ነበር። ብዙ ሰው ወድቋል ይላሉ። እኔ ከሰው እጅ ነው የተቀበልኩት፣ በዓይኔ አላየሁም።»

ቤት ገብታ ጎተራው ጀርባ ቁጭ ብላ ፈታችው። ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ በአካለ ወልድ እጅ የተጻፈ የተረቱ የመጨረሻ ገጽ ነው። ሌላው ጣት የማታክል ቁራጭ ወረቀት። በእሱም ላይ በማታውቀው እጅ፣ ፊደሉ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ፣ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል። ስም የለው፣ ሰላምታ የለው።

«አልረሳሽም። አልከዳሽም።»

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ልጆች፣ እስኪ ይህን አንብቡልኝ። ፊደላችን የማጥበቂያ ምልክት የለውም። «ሳ»ን አላልቶ ላነበበ «እኔ አልረሳሽም» ነው፤ የቆመ ሰው ቃል። አጥብቆ ላነበበ ግን «እሱ አልረሳሽም» ይሆናል። «አልከዳሽም»ም እንዲሁ። የማሬ ዓይን መጀመሪያ ያየው የሰው እጅ መሆኑን ነው። አካለ ወልድ ቢኖር ራሱ አይጽፍም ነበር? የማታውቀው ሰው ነው የጻፈላት። እስከ መጨረሻው አልረሳሽም፣ አልከዳሽም ብሎ መርዶ እየነገራት ነው!

አጥብቃ አነበበችው።

እሪ ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፁ አልወጣም። አዋጁ ትዝ ብሏት አይደለም። ድምፁ ራሱ የሚወጣበትን መንገድ ረስቶት ነው። የተፈታው ፈትል ጭኗ ላይ ተከምሮ፣ እሷ ጫፉን ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ዋለች። «እህ» አለች በመጨረሻ። የአባቷ «እህ» ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰምታ ደነገጠች።

፨

እሁድ ውበቱ መጣ። ቡትስ ጫማ፣ አዲስ ባርኔጣ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት ባለ ጠመንጃ። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ጥርሱ ያምራል፤ ለየኔታም ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳልሟል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ እትዬ አሰገደችና ጥሩነሽም ከሴቶቹ ጋር ናቸው። ከተበላ በኋላ ውበቱ አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«ወይዘሪት ማሬ አንባቢ ናት ይሉኛል። ሰኞ ሰኞ ሴቶቹን የምታስለቅስበት ወረቀት አለ አሉ። እስኪ እኛም እንስማው፤ እኛስ ምን በደልን?»

ሳቅ አለ። ዳሱ ግን አልሳቀም። ግራዝማች ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። የኔታ በዓይናቸው «ተይ» አሏት። ማሬ አየቻቸው፤ አየችና ወደ ቤት ገባች። የተደበቀውን የመጨረሻውን ገጽ ይዛ ወጣች። የሚወሰድባት ምን ቀረ?

ቆማ አነበበች።

«ሞገሴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ንጉሥ እንባቆም ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ሞገሴ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? አለ። አናውቅም አሉ። ጎረቤቱ ሲታመም እርሻውን የሚያርስለትንስ? አናውቅም። ሲስቅ ግራ ዓይኑን የሚጨፍነውንስ? አናውቅም አሉ። ንጉሡም ደስ አለው። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ ጉንጭ ሹሙ ሄደች። ጣቱንም ይዛ ጉንጯ ላይ አኖረችው። ዳስሰው አለችው። ርጥብ ነው። የሞገሴ ነው።»

እዚህ ላይ የማሬ ድምፅ ተሰበረ። አራት ቀን ሙሉ መንገድ ያጣው እንባ በ«ሞገሴ» ስም መንገድ አገኘ። ወረቀቱ እየረጠበ እስከ ታች አነበበችው። «ሌላዋም ተነሣች። ሌላውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የጉንጭ ሹሙ ጣት ደርቆ አያውቅም።»

እትዬ አሰገደች ተነሥተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ያ የዛገ ጉሮሮ ተከፈተ፦

«ሞገሴ ሞገሴ የማላውቅህ ልጅ፣
ለማውቀው ከልክለው አንተን ሰጡኝ እንጂ!»

ዳሱ ተናወጠ። ጥሩነሽ ደረቷን መታች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ማነው የሞተው?» ውበቱ ብድግ አለ። «ለማን ነው የምታለቅሱት? ግራዝማች! አዋጁ!»

«አዋጁ ለሽፍታ ሞት ያለቀሰ ነው የሚለው» አለች ማሬ፤ እንባዋን አልጠረገችውም። «ሞገሴ ሽፍታ አይደለም። ሰውም አይደለም፣ ቀለም ነው። ለቀለም ያለቀሰ ይቃጠል የሚል አዋጅ አለህ? ካለህ አምጣው፣ ላንብብልህ።»

«ግራዝማች፣ ይህን ዝም ብለው ያዩታል?»

ግራዝማች ዓባይ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ልጃቸው ሄደው ወረቀቱን አዩት፤ ማንበብ አይችሉም።

«ሞገሴ አባት ነበረው?»

«ወረቀቱ አይልም፣ አባባ።»

«ነበረው» አሉ። «ነበረው እንጂ! ግራ ዓይኑን መጨፈን የለመደው ገና በሕፃንነቱ ነው። አባቱ ፈረስ ላይ ከፊቱ አስቀምጦት ሲሄድ ፀሐይ በግራ ይመጣበት ነበር። አባትየው በእጁ እንዳይጋርድለት ልጓም ይዞ ነበር። ልጓሙን ለቅቆ...» ጭራውን ጣሉት። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ሞገሴ!» አሉ። «ልጄ ሞገሴ! ሞገሴ ልጄ!»

በዚያ ዳስ ውስጥ ቅኔ ያልተማረ ነበረ፣ የተማረም ነበረ። ሁሉም ግን ገባቸው። ሰሙ ሞገሴ ነው፤ ወርቁ አወቀ።

ውበቱ ባርኔጣውን አነሣ። «ይህን ምሽግ ድረስ ነው የምናገረው!»

«ሂድ ተናገር» አሉት እትዬ አሰገደች። «ብቻ ስታስተረጉምላቸው ጉንጭህን ጠብቅ።»

ውበቱ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሳያስበው እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ፤ ነካው። ከዚያም ጣቶቹን አላያቸውም፤ ሊያያቸው ፈራ።

፨

እንግዳው ተበትኖ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ማሬ ዳሱ ጥግ ከየኔታ ጋር ቀረች። ቁራጯን ወረቀት ሰጠቻቸው።

«እኔ ለሞገሴ አይደለም ያለቀስኩት፣ የኔታ።»

የኔታ ወረቀቷን ዓይናቸው ሥር አስጠጓት። «አንብቢልኝ እስኪ።»

አነበበችላቸው።

«ማን አጥብቂው አለሽ?»

«እጁ የሰው ነው እኮ፣ የኔታ!»

«የሰውማ ነው። የውሻ ሊሆን ነው?» ቀረብ አደረጓት። «ይቺን "ሽ" እያት። ራሷን ወደ ቀኝ አጋድሎ የሚጽፋት አንድ ተማሪ ብቻ ነበረኝ። ሰባት ቀን በአለንጋ አስተምሬው አልተወም። አንቺ ልጅ፣ ይህ የግራ እጅ ነው! ቀኙ ቆስሎ ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም፣ እጁ ነው የተለወጠው። ፍርሃት ያየውን ቃል ሁሉ ያጠብቃል። በይ አላልተሽ ድገሚው።»

ማሬ ከንፈሯን ከፈተች። አልደፈረችም። እንደገና ከፈተች።

«አልረሳሽም» አለች፤ እንደ ጥጥ አላልታ። «አልከዳሽም።»

ያው ቃል ነው። ያው ፊደል። ሰው ግን ከውስጡ ተነሥቶ ቆመ። ማሬ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «ሞኝ! "እኔ" የምትል ሁለት ፊደል ምን ነበረባት? ቀለም ተወዶ ነው?»

የኔታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ማሬ ግን ቁጣዋን ወደደችው። የሞተን ሰው እንዲህ አይቆጡትም።

፨

በማግስቱ ግራዝማች የውበቱ ሽማግሌዎች ያመጡትን ሁሉ መልሰው ላኩ። ወታደር ከምሽጉ ሳይደርስም፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሮብ ገበያ ነጋሪት አስመቱ።

«ስማ ሰው! እዚህ ቆሜ ለቅሶ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ዛሬ እዚሁ ቆሜ ሽሬዋለሁ። የሞተበት ያልቅስ! ልጄ አወቀ ሞቷል። የለቅሶው ድንኳን ጫካ ነው። ለቅሶ እደርሳለሁ የሚል ይከተለኝ!»

ሃያ ሦስት ሰው ተከተላቸው። ማሬ በበቅሎ፣ እትዬ አሰገደች በእግራቸው፤ «እያለቀስኩ በቅሎ ላይ አልቀመጥም» ብለው።

አርበኞቹ የጮቄ ገደል ሥር ሰፍረው ነበር። አካለ ወልድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። ግራዝማችን ሲያይ ብድግ አለ።

«ልጄን የቀበርከው አንተ ነህ?» አሉት።

«በእጄ፣ ግራዝማች።»

ብዙ ሊሉ የመጡ ሰው ነበሩ። ትከሻውን ይዘው ሳሙትና፣ «መቃብሩን የሚያሳየኝ ሰው ስጠኝ» ብለው አለፉ።

ማሬ ፊቱ ቆመች።

«ሞተሃል ብዬ አልቅሼልሃለሁ።»

«በማን ስም?»

«በሞገሴ።»

«ደግ አደረግሽ። ሞገሴ ዘመድ የለውም።»

«አትሳቅብኝ! ለምንድን ነው ግን እንዲህ ያለ ጨለማ የጻፍክልኝ? አንድ ቀን እንኳን እወድሻለሁ አትልም?»

አካለ ወልድ መሬት መሬት አየ። «ብርሃንም ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። አወቀን በቀበርኩ ማግስት ሰዉ ሁሉ "አይዞህ፣ ይነጋል" ይለኝ ነበር። ልመታቸው ይቃጣኝ ነበር፣ ማሬ። አንድ ሰው ብቻ "አዎን፣ ጨልሟል፤ እኔም እዚሁ ነኝ" እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። የሚለኝ አጣሁ። ሳጣ ጊዜ እኔ ልበላት አልኩ። ለአንቺ። ይህ መውደድ ካልሆነ ሌላውን አላውቀውም።»

ማሬ ከአጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከወደ መቃብሩ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ አሁን የልጃቸውን ስም ነበር የሚጠሩት፣ ሳይደብቁ፣ ገደሉ እስኪመልስላቸው።

«ንጉሥ እንባቆም በመጨረሻ ምን ሆነ?» አለችው።

«አላውቅም። እጄ ቆሰለ።»

«አፍህ አልቆሰለ።» ቀለሙንና ብዕሩን ወደ ራሷ ሳበች፤ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘረጋች። «በል ተናገር። እኔ እጽፋለሁ። ያን ንጉሥ ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ አልተወውም።»

ቀና ብሎ አያት። ብርዱ ጣቷን ያደነዝዘዋል፤ ጥይት ከሩቅ ይሰማል፤ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እሷ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት እልኸኛ ሆና፣ እንደዚያም ደስ ብሏት አያውቅም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዲት ነገር ብቻ አደራ። ሰው አንገቱን መጽሐፍ ላይ ደፍቶ፣ ላልነበረ ሰው ሲያለቅስ ብታገኙት፣ «ውሸት እኮ ነው» አትበሉት። ለማን እንደሚያለቅስ እሱም ላያውቀው ይችላል። አጠገቡ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። ማሬንም ያን ጊዜ አስታውሱልኝ።